ካርቦክሲል ውስጥ ያለው ኦኤች ሃይድሮክሲል ነው ወይ?

አራት ኪሎ በምናጠናበት ቡድን ይህ ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። እስቲ አንዴ በደንብ እንየው።

ፋንክሽናል ግሩፕ ማለት የሞለኪውሉን ጠባይ የሚወስኑ ጥቂት አቶሞች ናቸው። ስማቸው ሲወጣ ጎረቤታቸውም ይታያል። ኦኤች (የተያያዙ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን) ተራ ካርቦን ላይ ከተቀመጠ ሃይድሮክሲል ነው። ያው ካርቦን ሌላ ኦክስጅን በድርብ ቦንድ ከያዘ ግን ሁሉም አንድ ላይ ካርቦክሲል ይባላሉ። ፈተና ላይ «ስንት ሃይድሮክሲል አለ?» ከተባላችሁ ያንን ኦኤች አትቁጠሩት።

ጠጅን እንውሰድ። ውስጡ ያለው ኢታኖል ሃይድሮክሲል አለው። ጠጁ አየር እያገኘ ሲቆይ ባክቴሪያዎች ኢታኖሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡትና ይኮመጥጣል። ሁለቱም ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት ካርቦን ነው ያላቸው። የተለወጠው ግሩፑ ነው! ድርብ ቦንድ ያለው ኦክስጅን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል፤ ሃይድሮጅኑ ሲሄድ የሚቀረውንም ቻርጅ ይጋራል። ስለዚህ የኦኤቹ ሃይድሮጅን በቀላሉ ይላቀቃል። አሲድ ያሰኘውም ይኸው ነው።

ሰውነታችን ውስጥ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የደማችን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.4 አካባቢ ነው። እዚያ ላይ የአሚኖ አሲዶች ካርቦክሲል ሃይድሮጅኑን ለቆ፣ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ይገኛል። ግሉኮስ ደግሞ 5 ሃይድሮክሲል አለው። በነሱ ምክንያት ውሃ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይሟሟል፤ አሲድ ግን አያደርጉትም።

እስካሁን ያልኩት አይለዋወጥም። የሚለያየው የአሲዱ ጥንካሬ ነው፤ እሱ እንደ ጎረቤት አቶሞቹ ከፍ ዝቅ ይላል። ክሎሪን የተጨመረበት አሴቲክ አሲድ፣ ለምሳሌ፣ ከተራው ይበረታል።