ከውል መውጣት ምንድን ነው?

ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ ትደርሳላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ኢጣሊያ የተዋዋሉት እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። በቀደም ቡና እየጠጣን አንድ የሰፈራችን ወጣት ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አሜሪካ ፕሬዚዳንት በቀየረች ቁጥር ከሩሲያ ጋር ያላት ውል ለምንድን ነው የሚናጋው? የተፈራረመው አገር ነው ወይስ ሰው?» ቶና ላይ የጀመርነው ወሬ በረካም አላለቀም።

የሚፈራረመው አገር ነው። መሪ ስለተቀየረ ውል አይፈርስም። ነገር ግን በኃያላኑ የጦር መሣሪያ ውሎች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የመውጫ አንቀጽ ይገባል። «ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሜ አደጋ ላይ ወደቀ» የሚል ወገን አስቀድሞ አሳውቆ መሰናበት ይችላል። በ1972ቱ የፀረ ሚሳኤል ውል ማስጠንቀቂያው ስድስት ወር ነበር፤ በኒው ስታርት፣ ማለትም አሜሪካና ሩሲያ በተፈራረሙት የኑክሌር መሣሪያ ገደብ ውል፣ ሦስት ወር። (የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ከውል መውጣት የሚባለው ይህ ነው። ውል መጣስ ግን ሌላ ነው። እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ቃልን ማጠፍ ማለት ነው።

መውጫው ሕጋዊ ነው፤ ይከፈት አይከፈት የሚወስነው ግን በሰዓቱ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። የአሜሪካው ኒክሰንና የሶቪየት ኅብረቱ ብሬዥኔቭ በ1972 ከፈረሙት የፀረ ሚሳኤል ውል ቡሽ በ2002 አሜሪካን አስወጡ። ሬጋንና ጎርባቾቭ በ1987 የፈረሙት የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎች ውል 2,692 ሚሳኤሎችን አስወድሟል። ከዚህኛው ደግሞ አሜሪካ በ2019፣ በትራምፕ ጊዜ ወጣች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሩሲያ ውሉን ጥሳለች የሚለውን ክስ በ2014 ይፋ ያደረገው የኦባማ መንግሥት ነው። ሩሲያ ያኔም በኋላም አልተቀበለችውም። ክሱ ያው፣ አገሮቹም ያው ናቸው። ኦባማ ውስጥ ሆነው መከራከርን መረጡ፤ ትራምፕ መውጣትን። መሪ ሲቀየር የሚቀየረው ይህ ነው እላለሁ፤ ለአንድ ቅሬታ የሚሰጠው መልስ።

ኒው ስታርት ደግሞ ለጥቂት ነው የተረፈው። በ2010 ፕራግ ላይ ኦባማና የሩሲያው ሜድቬዴቭ ፈረሙት። እያንዳንዱ ወገን ከ1,550 በላይ የኑክሌር አረር እንዳያሰማራ ይገድብ ነበር። ጊዜው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2021 ሊያበቃ ነበር፤ ባይደን ደግሞ ሥልጣን የያዙት ጃንዋሪ 20 ነው። አሥራ ስድስት ቀን! ሁለት ቀን ሲቀረው ለአምስት ዓመት ተራዘመ። ያ ምርጫ በሌላ ሰው አሸናፊነት ቢያልቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በሞስኮ በኩል ነገሩ ይለያል። ፑቲን፣ ሜድቬዴቭ ፕሬዚዳንት በነበሩባቸው አራት ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው መቆየታቸውን ጨምሮ፣ ከ2000 ጀምሮ ከሥልጣን አልራቁም። አንዱ ሳይቀየር ሌላው በየአራት ወይም በየስምንት ዓመቱ ይቀየራል። ታዲያ የማይቀየረው ወገን «ዛሬ የምሰጠውን ነገ የሚመጣው ያከብርልኛል ወይ?» ብሎ ቢጠራጠር አይገርምም። ይሁን እንጂ አለመቀየርም ዋስትና አልሆነም። በ2023 የኒው ስታርትን ተሳትፎ ያገዱት ራሳቸው ፑቲን ናቸው። ማገድ ሦስተኛ መንገድ ነው፤ አልወጣሁም፣ ግን አልሠራበትም ማለት ነው።

ወደ ውጫሌ ልመለስ፤ እዚያም የመሪዎች ለውጥ ብዙ ሥራ ሠርቷል። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው ውሉ የተፈረመው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመላላክ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» የሚል ነው፤ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አንቀበልም አሉ። ከዓድዋ በኋላ የኢጣሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ከሥልጣን ወረዱ። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነፃነት ያለ ቅድመ ሁኔታ የተቀበለው የተተኪያቸው የሩዲኒ መንግሥት ነው። ድሉ የጦር ሜዳው ነው። ግን ክሪስፒ በወንበራቸው ቢቆዩ ኖሮ ያ ሰላም እንዲህ ቶሎ ይፈረም ነበር ብዬ አላምንም።

ወጣቱ «በኛ አገር አበጋር ደም ሲያደርቅ እንዲህ አይደለም እኮ» አለኝ። አበጋር በወሎ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ የአገር ሽማግሌ ነው። እውነቱን ነው። አበጋርነት በዘር የሚወርድ ነው፤ አባት ሲያልፍ አደራው ለልጅ ይተላለፋል። ከሁሉም በላይ እርቁን ያየ ጎረቤት አለ። ማን ቃሉን እንዳጠፈ አገር ያውቃል።

በኃያላኑ ዘንድ የዚያን ጎረቤት ቦታ የሚይዘው ፍተሻ ነበር። በኒው ስታርት እያንዳንዱ ወገን በዓመት እስከ 18 ጊዜ የሌላውን ጦር ሰፈር ሄዶ ማየት ይችል ነበር። ከአረሩ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበኝ የዚህ መቅረት ነው። ያላየ ሰው ይገምታል፤ ጦር የያዘ ሰው ሲገምት ደግሞ ክፉውን ነው። ፍተሻው በ2020 በኮሮና ምክንያት ቆመ፤ አልተመለሰም። ውሉም ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲራዘም አይፈቅድም ነበር፤ ያችን አንድ ዕድል በ2021 ተጠቅመውባታል፤ ጊዜውም በ2026 አበቃ።