ዎክ ሳይክል ምንድን ነው? ወይም የጌሙን ውሻ ምን ያዳልጠዋል?

ባለፈው የገና ሰሞን ደብረ ብርሃን፣ ቤተሰብ ጋ ነበርኩ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሁሉም ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከሰል ዙሪያ ተሰብስቧል። የእህቴ ልጅ ብቻ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ጌም ይጫወታል። ጌሙ ውስጥ አንድ ጦረኛ አለ። ከኋላው ደግሞ አንድ ቡናማ ውሻ ኩስ ኩስ ይላል።

አጎቴ ከመንዝ መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበቅሎና ከፈረስ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። በልጁ ትከሻ ላይ አጮልቀው ትንሽ አዩና፣ "ይሄን ውሻ ምን ያዳልጠዋል?" አሉ።

"አያዳልጠውም አባባ፣ እየተከተለኝ ነው እኮ።"

"መከተሉንስ ተከትሏል። እግሩ ግን መሬት አልያዘም።"

ልክ ናቸው። እኔም ጠጋ ብዬ ሳየው ውሻው እግሩን እያነሳ ይጥላል፣ መሬቱ ግን ከሥሩ ያመልጠዋል። በአኒሜሽን ሥራ ውስጥ ላለን ሰዎች ይህ የታወቀ በሽታ ነው። በሽታውን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ዎክ ሳይክል የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ዎክ ሳይክል ባጭሩ ደጋግሞ የሚዞር እርምጃ ነው። አኒሜተሩ ገጸ ባሕርይው ግራና ቀኝ እግሩን አንድ አንድ ጊዜ እስኪያነሳ ድረስ ያለውን ይሥላል። የመጨረሻው ሥዕል ከመጀመሪያው ጋር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ያው ይደጋገማል። ገጸ ባሕርይው ሦስት ሜትር ይሂድ፣ ከአንኮበር እስከ አልዩ አምባ ይውረድ፣ ሥዕሎቹ እነዚያው ናቸው። "የእርምጃ ዑደት" ብሎ መተርጎም ይቻላል። ሥራ ላይ ግን ሁሉም "ሳይክሉን ላክልኝ" ነው የሚለው።

የሰው እርምጃ ሲሣል አራት ቦታዎች ይያዛሉ። ተረከዝ መሬት ሲነካ። ክብደቱ ሲያርፍበት ጉልበት ታጥፎ ሰውነት ዝቅ ሲል። ሌላኛው እግር በጎን ሲያልፍ። በመጨረሻም ጣት መሬቱን ገፍቶ ሰውነት ከፍ ሲል። ይህን ዝቅና ከፍ ማለት ከረሳችሁት ሰውዬው የሚሄድ ሳይሆን በገመድ የሚጎተት ይመስላል።

ባለ ሁለት እግሩ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው ባለ አራቱ ላይ ነው።

ውሻ፣ ፈረስ፣ በግ ዝም ብለው ሲራመዱ የእግራቸው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ። ፍጥነት ሲጨምር ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ይለወጣል። እዚህ ላይ አማርኛ ያኮራል። አብዛኞቻችን የከተማ ልጆች ረሳናቸው እንጂ ለእያንዳንዱ አረጋገጥ ቃል አለው። ሶምሶማ ሲሆን የፊት ግራና የኋላ ቀኝ አብረው ይነሳሉ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለቱ። ጋላቢው ከኮርቻው ላይ ይነጥራል። ሽምጥ ሲጋልብ ደግሞ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት አለ። ሰጋር በቅሎ ሌላ ናት። የአንድ ወገን እግሮቿ፣ የኋላውና የፊቱ፣ ተከታትለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ጀርባዋ አይነጥርም። አጎቴ እንደሚሉት ብርሌ ይዘህ ብትቀመጥባት ጠጁ አይፈስም።

ይህን ያወቅሁት በውርደት ነው። ለልጆች ቴሌቪዥን የሚሆን አጭር የሙከራ ክፍል ስንሠራ አንዲት በቅሎ ሣልኩ። ጽሑፉ ላይ "ሰጋር በቅሎ" ይላል። እኔ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የፈረስ ሳይክል አስመስዬ ሠራሁና ጆሮዋን አስረዝሜ ጨረስኩ። ለአጎቴ በኩራት አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

"ቆንጆ ናት" አሉ። "ግን ይቺ ሶምሶማ ነው የምትረግጠው። ሰውዬህ ሆዱን ይዞ ነው የሚደርሰው።"

የሚያጽናናኝ ብቻዬን አለመሆኔ ነው። በሃንጋሪ ቡዳፔስት ያሉ ተመራማሪዎች የሚራመዱ ባለ አራት እግር እንስሳትን የሚያሳዩ 1,000 ያህል የጥበብ ሥራዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመዋል። ከፎቶግራፍ ጥናት በፊት የነበሩ ዘመናዊ ሠዓሊዎች 83.5 በመቶ የሚሆነውን ጊዜ እግሩን አሳስተውታል። በጥንት ዘመን ዋሻ ግድግዳ ላይ ይሥሉ የነበሩት ሠዓሊዎች ስህተት ግን 46.2 በመቶ ብቻ ነበር። እንስሳውን አድነው የሚበሉት እነሱ ነበሩና ደህና አድርገው አይተውታል።

እዚህ ላይ "የፎቶግራፍ ጥናት" ያልኩት የፎቶግራፍ አንሺው የኤድዋርድ ማይብሪጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ካሜራዎችን በረድፍ ደረደረ። ክሮችን በፈረሱ መንገድ ላይ ዘረጋ። ፈረሱ እየጋለበ ክሩን ሲነካ ካሜራው ያነሳል። በሥዕል ላይ የሚጋልብ ፈረስ ሁልጊዜ የፊት እግሩን ወደፊት፣ የኋላውን ወደኋላ ዘርግቶ ነበር የሚታየው። ፎቶው ሌላ ነገር አሳየ። አራቱም እግሮች አየር ላይ የሚሆኑት ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። አኒሜተሮች እስከዛሬ የማይብሪጅን ፎቶዎች ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጣሉ። እኔም አሉኝ። አላየኋቸውም ነበር እንጂ።

ለምን ዑደት አስፈለገ? ለምን ሁሉንም አንሥለውም? ሒሳቡን እንሥራው። የልጆች ካርቱን አንድ ክፍል ብዙውን ጊዜ 11 ደቂቃ አካባቢ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (በየተራ የሚታይ ነጠላ ምስል) ከተሠራ 16,500 ፍሬም ይሆናል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆየን ብንቆጥብ እንኳ 8,250 ሥዕል። ገጸ ባሕርያቱ ሁለት ሦስት ከሆኑ ደግሞ አባዙት። የአንድ ሰከንድ ዎክ ሳይክል ግን 12 ወይም 13 ሥዕል ይበቃዋል። አንድ ጊዜ በደንብ ተሥሎ ለተከታታዩ ክፍሎች ሁሉ ያገለግላል። በቅሎዋ በክፍል 1 ገበያ ስትሄድና በክፍል 9 ሠርግ ስትሄድ እርምጃዋ አንድ ነው። ጀርባዋ ላይ የተጫነውና ከኋላዋ ያለው ተራራ ብቻ ይቀየራል።

በዚህ ቁጠባ የታወቁት አሜሪካዊዎቹ የካርቱን ሠሪዎች ሀና እና ባርቤራ ናቸው። ዮጊ የሚባለው ድባቸው ልብስ ሳይኖረው አንገቱ ላይ ኮሌታና ከረባት አለው። ለምን? ኮሌታው ራሱና ሰውነቱ የሚገናኙበትን መስመር ይደብቃል። ሰውነቱ ባለበት ይቆያል፣ ራሱ ብቻ እንደገና ይሣላል። ልጅ ሆኜ ድብ ለምን ከረባት ያስራል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እናንተስ?

ቴሌቪዥን ላይ አንድ ምቾት አለ፣ በቅሎዋ የት እንደምትሄድ እኔ አውቃለሁ። ኦንላይን ጌም ላይ ግን አይታወቅም። ተጫዋቹ ባሻው አቅጣጫ ይሄዳል፣ ፔቱም መከተል አለበት።

ፔት የሚሉት ተጫዋቹን የሚከተለውን እንስሳ ነው። አንዳንዱ ለጌጥ ነው፣ አንዳንዱ ይዋጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው ጌም አዳኝ የሆነ ተጫዋች አውሬ አላምዶ አብሮት ያዘምታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንስሳውን መመገብም ነበረበት። ደስ ያለው እንስሳ ጉልበቱ 125 በመቶ፣ የከፋው 75 በመቶ ይሆን ነበር። በኋላ ምገባው ቀረ። እኔ በበኩሌ መቅረቱ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የማይመገብ እንስሳ ዕቃ ነው።

የእንዲህ ዓይነት እንስሳ አንድ ሳይክል አይበቃውም። ቀስ ሲል የእርምጃው፣ ሲፈጥን የሶምሶማው፣ ሲሮጥ የግልቢያው አለ። ተጫዋቹ ቆሞ ዕቃውን ሲያይ ደግሞ የመቀመጡ፣ የማዛጋቱ፣ ጆሮ የማከኩ። የጌሙ ኢንጂን፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ እንደ ፍጥነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እያደባለቀ ያሻግራል። ዳገት ላይ እግሩ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል ጉልበቱን በየቅጽበቱ የሚያስተካክል ስሌትም አለ። ተጫዋቹ በጣም ከራቀው ብዙ ጌሞች ፔቱን ድንገት ብድግ አድርገው አጠገቡ ያስቀምጡታል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ ውሻው ባለበት እየረገጠ ይቆይና ዘሎ ይደርሳል። ይህን ለእኛ አገር ተጫዋች ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ መዳለጡ። ሳይክሉ ሲሣል የውሻው አንድ ሙሉ እርምጃ በሰከንድ 60 ሳንቲሜትር እንዲሸፍን ታስቦ ነው እንበል። ጌሙ ግን ውሻውን በሰከንድ አንድ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ቀሪውን 40 ሳንቲሜትር ውሻው ተንሸራቶ ይጨርሰዋል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ሳይክሉን በዚያው ልክ ማፍጠን፣ ወይ ወደ ሶምሶማ ማሻገር። የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት። በዚያ ሳምንት ለጦረኛው የሚያፈጥን ጫማ አግኝቶለት ኖሯል። ውሻው ጌታውን ለመድረስ ፈጠነ፣ እግሩ ግን ወሬውን አልሰማም።

ሳይክል ግን እግር ማስያዝ ብቻ አይደለም፣ ጠባይም ነው። መንዝ ጓሳ የሄደ ሰው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አንድ ሜዳ ላይ ሲውሉ አይቶ ይሆናል። ተመራማሪዎች እንዳዩት ቀበሮው ጭላዳዎቹ መሃል ሲገባ አይሮጥም። ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ግልገሎቹን አይነካም። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጥናት መሠረት ከጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲያድን 25 በመቶ። ለአኒሜተር ይህ ወርቅ ነው። ያው ቀበሮ፣ ያው ጸጉር፣ በአንዱ ሳይክል ጎረቤት በሌላው አዳኝ ይሆናል። ፊቱን መንካት አያስፈልግም።

ጭላዳውማ መንሸራተት የተፈቀደለት እንስሳ ነው። ሣር ሲግጥ አይነሳም፣ እንደተቀመጠ እየተንፏቀቀ ነው የሚሄደው። ለጀማሪ አኒሜተር የምመክረው እሱን ነው።

በቅሎዬን እንደገና ሠራኋት። አጎቴ ስልክ ደውለው ሰጋር ስትሄድ የተቀረጸች በቅሎ ቪዲዮ ከመንዝ አስላኩልኝ። ፍሬም በፍሬም እያቆምኩ እግሯን ቆጠርኩ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ጨርሼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩ። አሁን ሰገረች፣ አሉ። ደስ ብሎኝ ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ መልሰው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ጆሮዋ ግን ምነው አይነቃነቅም?"