ቀዝቃዛ ሥጋ በአየር፦ ከሞጆና ቢሾፍቱ ቄራዎች እስከ ጅዳና ዱባይ

ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ከሚላኩ ቶሎ የሚበላሹ ምግቦች ዋነኛው የበግና የፍየል ሥጋ ነው። ከኤክስፖርት ቄራዎች ብዙዎቹ ቢሾፍቱና ሞጆ አካባቢ ይገኛሉ። ሥጋው በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ነው። የአውሮፓ ኅብረት ገበያ ግን ዝግ ነው፤ አፍተግርን የመሳሰሉ የእንስሳት በሽታዎች አገር ውስጥ ስላልጠፉ የኅብረቱን የጤና መስፈርት ማለፍ አልተቻለም።

በረራው ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከእርድ እስከ ገዢው መደብር ካለው ጊዜ ይህ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ሥጋም ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መሬት ላይ ነው። የአውሮፕላን ሆድ ማቀዝቀዣ ይመስላቸዋል ብዙ ሰዎች፤ አይደለም። የጭነት ክፍሉ ሙቀት ይስተካከላል፣ ሞቆ የገባን ሥጋ ለማቀዝቀዝ ግን አቅም የለውም። ሥጋው የሚበርረው ከቄራው ይዞት በወጣው ቅዝቃዜ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ያንን ቅዝቃዜ አለማባከን ነው።

ከእርድ በፊት

የገልፍ ገዢ የሚፈልገው ትንሽና ስቡ የሳሳ ካርካስ፣ ማለትም ተገፎ ሆድ ዕቃው የወጣለት ሙሉ ሥጋ፣ ነው፤ ክብደቱ ባብዛኛው ከ6 እስከ 12 ኪሎ። ስለዚህ ሙክት አይፈለግም፤ የሚሰበሰበው ያልተኮላሸ ወጠጤና ጠቦት ነው። ምንጩም ቆላው ነው፦ ቦረና፣ ሶማሌ፣ አፋር፣ የባሌ ቆላ። የደጋ በግ ሥጋ ጥቂት ቀን ሲያድር ይጠቁራል የሚል ቅሬታ ከገዢዎች ስለሚነሳ ላኪዎች ይሸሹታል።

ለመጥቆር ግን ትውልድ አካባቢ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። እንስሳው በመኪና ላይ ተጨናንቆ፣ ውሃ ሳይቀምስ ረጅም መንገድ ከመጣ በጡንቻው ውስጥ ያለው ግላይኮጅን፣ ማለትም የስኳር ክምችት፣ ያልቃል። በደህናው ጊዜ ይህ ግላይኮጅን ከእርድ በኋላ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጥና የሥጋውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያውን (ሲያንስ አሲዱ ይበዛል)፣ ከ7 ገደማ ወደ 5.5–5.8 ያወርደዋል። ካለቀ ግን ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ሲነኩት ይጣበቃል፣ ባክቴሪያም ቶሎ ይራባበታል። ይህን የትኛውም ማቀዝቀዣ አይመልሰውም። እንስሳው በቄራው በረት ውሃ እየጠጣ እንዲያርፍ የሚደረገው ለዚህ ነው። መኖ ከእርዱ በፊት ባለው ሌሊት ይከለከላል፤ ጨጓራው ካልቀለለ ሆድ ዕቃ ሲወጣ ፈርሱ ሥጋውን የመበከል ዕድሉ ይጨምራል። የእንስሳት ሐኪም ሁለት ጊዜ ይመረምራል፦ አንዴ በቁሙ፣ አንዴ ከታረደ በኋላ። እርዱ በሐላል ሥርዓት ይፈጸማል።

ማቀዝቀዝ

ካርካሱ ታጥቦና ተመዝኖ ወደ ችለር፣ ማለትም ወደ ማቀዝቀዣው ክፍል፣ ሲገባ ገና ትኩስ ነው። ክፍሉ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሆኖ ሥጋው እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። እዚህ ላይ መቸኮልም መዘግየትም ጉዳት አለው። ትንንሽ ካርካሶች ቶሎ ስለሚበርዱ፣ ጡንቻው ገና ሳይደርቅ፣ ማለትም ፒኤቹ ከ6 ሳይወርድ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሥጋውም ሲበስል የጎማ ያህል ይጠነክራል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ውጪው ላይ ያለው ባክቴሪያ ጊዜ ያገኛል።

ካርካሶቹ ሳይነካኩ፣ አየር በመካከላቸው እንዲያልፍ ተራርቀው ይሰቀላሉ። በተለይ ሊወገዝ የሚገባው ልማድ የትናንቱ ቀዝቃዛ ሥጋ ወዳለበት ክፍል የዛሬውን ትኩስ ማስገባት ነው። ከትኩሱ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛው ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል፤ ያቺ እርጥበት የአተላ ሽታና ማሙለጭለጭ የሚጀምርባት ቦታ ናት። በችለር ቆይታው ሥጋው ከክብደቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያጣል፤ ስለዚህ ለጭነት የሚቆጠረው የቀዘቀዘው ክብደት ነው።

ለመላክ መድረሱ የሚታወቀው በክፍሉ ግድግዳ ላይ ባለው ቴርሞሜትር አይደለም። የቴርሞሜትሩ መርፌ በኋላ እግር ወፍራም ጡንቻ ውስጥ፣ አጥንቱ አጠገብ ይገባል፤ ከሁሉ ዘግይቶ የሚበርደው እሱ ነው። ላዩ 2 ዲግሪ ሆኖ እዚያ ውስጥ 12 ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ካርካስ ከተጫነ ውስጡ ያለው ሙቀት በጉዞ ላይ ወደ ውጪ ወጥቶ ጎረቤቶቹንም ያሞቃል።

ወደ ቦሌ

ካርካሱ ንጹሕ የጥጥ ከረጢት ለብሶ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ይጫናል። የመኪናው ማቀዝቀዣም እንደ አውሮፕላኑ ቅዝቃዜ ጠባቂ እንጂ አቀዝቃዥ አይደለም፤ ሳጥኑ ከጭነቱ በፊት ባዶውን መቀዝቀዝ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ይህን የጉዞ ክፍል በእጅጉ አሳጥሯል።

ቦሌ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ካርጎ ተርሚናል ለሚበላሹ ዕቃዎች የተለዩ ቀዝቃዛ ክፍሎች አሉት። ሥጋው የሚደረደረው 318 በ244 ሴንቲ ሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ፓሌት፣ ማለትም ጠፍጣፋ የጭነት ሰሌዳ፣ ላይ ነው። ከሥሩ ፕላስቲክና ፈሳሽ የሚመጥ ንጣፍ ይነጠፋል፤ የሥጋ ፈሳሽ የአውሮፕላኑን ወለል ብረት ይበላልና የፈሰሰ ጭነት አይጫንም። ከላይ ሙቀት መላሽ ልብስ ይደረባል፣ መረብ ይታሰራል። ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ ቀዝቃዛ ሥጋ መሐሉ ለረጅም ሰዓት አይሞቅም፤ የሚጎዱት ጠርዝ ላይና አናት ላይ ያሉት ናቸው። የሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ አንዱ መሐል፣ አንዱ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ትልቁ አደጋ ፓሌቱ ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥቶ አውሮፕላኑ ሥር የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። በረራ ሲዘገይ ጭነቱን ፀሐይ ላይ ትቶ መጠበቅ የብዙ ቀን ጥንቃቄ በአንድ ሰዓት ያጠፋል። ስለዚህ ጎበዝ ትራንዚተር የበረራውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ፓሌቱ የሚወጣበትን ሰዓት ይጠይቃል። ሌሊት መጫን የተሻለ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቀን ሲሞቅ ይበልጥ ይሳሳል፣ ከባድ አውሮፕላንም ለመነሳት ክብደት መቀነስ ሊኖርበት ይችላል። ያኔ የሚቀረው ጭነት ሥጋ እንዳይሆን ቅድሚያው አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ሰነድ

ከጭነቱ ጋር የሚሄዱት የእንስሳት ጤና ሰርተፊኬት፣ የሐላል ሰርተፊኬት፣ የትውልድ አገር ሰርተፊኬት፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስትና ኤርዌይ ቢል፣ ማለትም የአየር ጭነት ውል ሰነድ፣ ናቸው። የኤርዌይ ቢሉ ቁጥር 11 አኃዝ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ላዩ ላይ ሥጋ መሆኑን የሚያሳየው «ፒ.ኢ.ኤም.» የሚባለው የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ የአያታ፣ ኮድ ይጻፋል። የካርካስ ብዛት ወይም ክብደት በሰርተፊኬቱና በኢንቮይሱ ላይ ከተለያየ ጭነቱ መድረሻው ጉምሩክ ላይ ይቆማል፤ ወረቀት ሲታረም ሥጋው ይሞቃል።

በረዶ የሆነ ምግብ

በረዶ የሆነ ምግብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ መቆየት አለበት። ብዙ መጠን ያለው በባሕር ቢሄድ ይረክሳል፤ በአየር የሚላከው ውድ ወይም አስቸኳይ የሆነው ነው። አብሮት የሚገባው ድራይ አይስ፣ ማለትም የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል። በአየር ጭነት ሕግ የ9ኛ ምድብ አደገኛ ዕቃ ነው፤ ቁጥሩ ዩኤን 1845፣ ጣሪያው በአንድ ጥቅል 200 ኪሎ። ጥቅሉ ጋዙን ማስወጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፤ አየር እንዳይገባ ከታሸገ ሊፈነዳ ይችላል። የተጣራ ክብደቱ በኪሎ ከላይ ይጻፋል። ጋዙ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ከቁም እንስሳት አጠገብ አይጫንም።

እንዲህ ባለ ጥቅል ላይ ዋጋው ያስደነግጣል። አየር መንገድ የሚያስከፍለው ከእውነተኛውና ከቦታ ክብደቱ በሚበልጠው ነው፤ የቦታ ክብደት በሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተባዝቶ ለ6,000 ሲካፈል ነው። 60 በ40 በ40 የሆነ የፎም ሣጥን 9 ኪሎ ቢመዝንም የሚከፈልበት 16 ኪሎ ነው።

ሲበላሽ

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ጊዜውን ይወስናል፦ ለተበላሸ ጭነት የጽሑፍ አቤቱታ ከርክክብ በኋላ ባሉት 14 ቀናት፣ ለዘገየ በ21 ቀናት። አየር መንገዱ በዕቃው ተፈጥሮ ወይም በላኪው ጉድለት ያለበት አስተሻሸግ ለመጣ ጉዳት አይጠየቅም፤ ሥጋ ደግሞ በተፈጥሮው የሚበላሽ ነው። ላኪው ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን ለማሳየት ከችለር ሲወጣ የተለካው የውስጥ ሙቀት፣ ተርሚናሉ ሲረከብ የተፈረመበት ሰዓትና የሙቀት መዝጋቢው ንባብ ያስፈልጉታል። ተቀባዩም ጭነቱን ሲረከብ ጉዳቱን ሰነዱ ላይ ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ፣ መዝጋቢውን ከፓሌቱ ላይ ሳይጠፋ መሰብሰብ አለበት።