ሳራ ፔሊን ሲመረጡ፦ ያልተጠበቀ ምክትልና የአሜሪካ ሕዝብ ምላሽ

አርብ፣ ኦገስት 29 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.፣ ጠዋት ላይ ከአላስካ ውጪ የሚኖር አብዛኛው አሜሪካዊ የሳራ ፔሊንን ስም ሰምቶ አያውቅም ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አገሩ ሁሉ ስለ እሳቸው ያወራ ነበር። በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 23 ቀን 2000 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። የሪፐብሊካን ፓርቲው ዕጩ ጆን ማኬይን ኦሃዮ፣ ዴይተን ከተማ አጠገብ በሚገኘው የራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሕዝብ ሰብስበው፣ የአላስካዋን አገረ ገዥ ምክትሌ ናቸው ብለው አስተዋወቁ። ዕለቱ የማኬይን 72ኛ የልደት ቀን ነበር።

ያልተጠበቀ ሰው ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲታጭ ሕዝብ ምን እንደሚል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን ታሪክ ቢመለከት ብዙ ይማራል። ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ተከስቷል። በ1968 ሪቻርድ ኒክሰን ስፓይሮ አግኒውን ሲመርጡ ብዙ ሰው «ማናቸው?» ብሎ ጠይቋል። በ1972 ዴሞክራቱ ቶማስ ኢግልተን የአእምሮ ሕክምና ታሪካቸው ሲሰማ በ18 ቀን ከዕጩነት ወርደዋል። በ1988 ወጣቱ ሴናተር ዳን ኩዌይል ብዙ ተተችተዋል። እንደ ፔሊን ግን አገሩን በአንድ ጊዜ ያስደሰተና ያስቆጣ የለም።

ለምን አስደነገጠ?

ሲጠበቁ የነበሩት ሌሎች ናቸው። የሚኒሶታው አገረ ገዥ ቲም ፖለንቲ፣ የማሳቹሴትሱ የቀድሞ አገረ ገዥ ሚት ሮምኒ፣ የፔንሲልቬኒያው ቶም ሪጅ ስማቸው ይነሳ ነበር። የማኬይን ልብ ግን ያለው የቅርብ ወዳጃቸው ሴናተር ጆ ሊበርማን ላይ ነበር። ሊበርማን ከስምንት ዓመት በፊት ከአል ጎር ጋር በዴሞክራቶች በኩል ለምክትልነት የተወዳደሩ ሰው ናቸው። ፅንስ ማስወረድን በተመለከተም አቋማቸው ከሪፐብሊካኑ ደጋፊ ጋር አይገጥምም። አማካሪዎቹ «ጉባኤው ለሁለት ይሰነጠቃል» ብለው ፈሩ። ያኔ ፊታቸውን ወደ አላስካ አዞሩ።

ጊዜው በጣም ጠባብ ነበር። ማኬይን ፔሊንን የተዋወቋቸው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ በተደረገ የአገረ ገዥዎች ስብሰባ ላይ ነው። ቁጭ ብለው በቁም ነገር የተነጋገሩት ደግሞ ይፋ ከመደረጉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ አሪዞና ሴዶና አጠገብ ባለው የማኬይን ቤት ነበር። በዚያው ቀን ማታ ባራክ ኦባማ ዴንቨር ላይ ከ80 ሺህ ሰው በላይ በተገኘበት ስታዲየም ዕጩነታቸውን ተቀበሉ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ስለዚያ ንግግር ሲያወራ ይውላል ተብሎ ነበር። የማኬይን ዜና ወሬውን ነጠቀው።

ፔሊን ያኔ 44 ዓመታቸው ነበር። ከ1996 እስከ 2002 ዋሲላ የምትባል ትንሽ ከተማ ከንቲባ ነበሩ። በ2006 የገዛ ፓርቲያቸውን ሰው፣ ሥልጣን ላይ የነበሩትን ፍራንክ መርካውስኪን አሸንፈው፣ ቀጥለውም የዴሞክራቱን ቶኒ ኖውልስን ረትተው የአላስካ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ሆኑ። የአምስት ልጆች እናት ናቸው። ያድናሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። በሪፐብሊካን ፓርቲ ታሪክ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች ደግሞ በ1984 ከቀረቡት ከዴሞክራቷ ጄራልዲን ፌራሮ ቀጥሎ ሁለተኛዋ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ወንጌላውያን ክርስቲያኖችና ወግ አጥባቂዎች ዜናውን ሲሰሙ አንጀታቸው ራሰ። ለማኬይን ለረጅም ጊዜ ልባቸው አልሞቀም ነበር። ታዋቂው የወንጌላውያን መሪ ጄምስ ዶብሰን ቀድሞ ማኬይንን አልመርጥም ብለው የነበረ ሲሆን፣ ከፔሊን በኋላ እመርጣለሁ አሉ። የፔሊን የመጨረሻ ልጅ የተወለደው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር ነው። ዳውን ሲንድረም እንዳለበት እናትየው ገና በእርግዝናቸው ወቅት አውቀው ነበር። ለነዚህ አማኞች ይህ ከየትኛውም ንግግር ይበልጣል። የሚሰብኩትን የኖረች እናት አዩ። በኢንተርኔት የሚገባው መዋጮ በማግስቱ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

በኦባማ በኩል የወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ቁጣ ነበረበት። የዘመቻው ቃል አቀባይ፣ የዘጠኝ ሺህ ሰው ከተማ ከንቲባ የነበረችና የውጭ ጉዳይ ልምድ የሌላት ሰው ለፕሬዚዳንትነቱ አንድ እርምጃ ቀራት የሚል ይዘት ያለው ቃል ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ኦባማና ምክትላቸው ሆነው የታጩት ጆ ባይደን ለስለስ ያለ የእንኳን ደስ ያለዎት መልእክት አወጡ። በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ድምፅ መሰማቱ ምን ያህል እንደተደናገጡ ያሳያል። በትንንሽ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ ጆሮ ላይ የቀረው ግን የመጀመሪያው ነው። «ትንሽ ከተማ ማለት ምን ማለታቸው ነው? እኛስ ሰው አይደለንም?» የሚል ቅያሜ ተፈጠረ። ይህ ቅያሜ በኋላ የመጣውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ይመስለኛል። የልምድ ጥያቄው ትክክል ነበር። አጠያየቁ ግን ንቀት ተቀላቅሎበት ስለነበር ጥያቄውን ራሱን ብዙ ሰው ሳይሰማው ቀረ።

ሴቶች ዘንድ የነበረው ስሜት የተደበላለቀ ነው። ሂላሪ ክሊንተን በዴሞክራቶች የዕጩነት ውድድር 18 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አግኝተው በኦባማ ከተሸነፉ ገና ሦስት ወር አልሞላም። ፔሊን ዴይተን ላይ ስማቸውን በክብር አነሱ፤ የሴቶቹን መንገድ እንጨርሰዋለን የሚል ቃልም ተናገሩ። በማግስቱ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ያንኑ ምስጋና ሲደግሙ ከራሳቸው ደጋፊዎች መሀል የጩኸት ተቃውሞ ተሰማ። ክሊንተን ራሳቸው የፔሊን መታጨት ታሪካዊ ነው፣ ሁላችንም ልንኮራ ይገባናል ብለው፣ ፖሊሲያቸው ግን አገሪቱን በተሳሳተ መንገድ ይወስዳል አሉ። የሴት ዕጩ መቅረብ ብቻውን የክሊንተንን ደጋፊዎች ወደ ማኬይን አላመጣም።

በዚህ መሀል አንድ የሚያሳፍር ጥያቄ ተነሳ። ገና የአራት ወር ሕፃን የያዘች እናት እንዴት ይህን ሥራ ትሠራለች? ሁለት ትንንሽ ልጆች የነበሯቸውን ኦባማን እንዲህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሴፕቴምበር 1 ቀን ደግሞ የ17 ዓመት ልጃቸው ማርገዟ በይፋ ተነገረ። ሐሜቱ ጣሪያ ነካ። ያን ቀን በጎ ነገር የሠሩት ተፎካካሪያቸው ኦባማ ናቸው። ቤተሰብ አይነካ፣ እናቴ እኔን ስትወልድ 18 ዓመቷ ነበር አሉ።

ሴንት ፖል

ሴፕቴምበር 3 ቀን ፔሊን ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ላይ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ ንግግር አደረጉ። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው በቴሌቪዥን ተመለከተው፤ ለኦባማ ንግግር ከወጣው ተመልካች ብዙም አያንስም። በሆኪ እናትና በፒትቡል ውሻ መካከል ያለው ልዩነት ሊፒስቲክ ብቻ ነው ያሉት ያኔ ነው። የሆኪ እናት ማለት በብርድ በጠዋት ተነስታ ልጆቿን ወደ በረዶ ሜዳ የምታመላልስ እናት ናት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የኦባማን የማኅበረሰብ አደራጅነት ሥራ አጣጥለው መናገራቸው ግን ሌላውን ወገን እሳት አደረገው። ከንግግሩ በኋላ ባለው አንድ ቀን ኦባማም 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰቡ። ፔሊን ገንዘብ ያስገቡት ለሁለቱም ወገን ነው።

ከጉባኤው በኋላ ማኬይን በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ኦባማን ቀደሙ። ሰልፎቹ በሰው ተሞሉ። ፔሊን ያደርጉት የነበረው፣ ጃፓናዊው ካዙዎ ካዋሳኪ የሠራው መነጽር ሳይቀር ተፈላጊ ሆነ። ስለ አንድ ሰው ገና ምንም በማይታወቅበት ጊዜ እያንዳንዱ ደጋፊ በውስጡ የሚፈልገውን ሰው ያያል። እነዚያ ሁለት ሳምንታት እንዲህ ነበሩ።

ነገሩ ሲቀየር

ከዚያ ቃለ መጠይቆቹ መጡ። ሴፕቴምበር 11 ቀን ከኤቢሲው ቻርሊ ጊብሰን ጋር ሲነጋገሩ ስለ ቡሽ ዶክትሪን፣ ማለትም ስለ ፕሬዚዳንት ቡሽ የውጭ ጉዳይና የጦርነት መርሕ፣ ተጠይቀው ተደናገሩ። በወሩ መጨረሻ የሲቢኤስዋ ኬቲ ኩሪክ ምን ጋዜጣ ያነባሉ ስትላቸው አንድ ስም መጥራት አልቻሉም። ብዙዎችን ያሳሰበው የማኬይን ዕድሜና ቀድሞ ያጋጠማቸው የቆዳ ካንሰር ነው። በአሜሪካ ታሪክ ዘጠኝ ምክትሎች ፕሬዚዳንቱ ሞተው ወይም ሥልጣን ለቅቀው ቦታውን ወስደዋል።

ሴፕቴምበር 13 ቀን ኮሜዲያኗ ቲና ፌይ ሳተርደይ ናይት ላይቭ በሚባለው የቴሌቪዥን አስቂኝ ዝግጅት ላይ ፔሊንን መስላ ቀረበች። «ሩሲያን ከቤቴ ሆኜ አያለሁ» የሚለው አባባል የእሷ ነው። ፔሊን ያሉት ከአላስካ መሬት ላይ ሩሲያ ይታያል ነበር፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው፣ ከትንሿ ዳዮሚድ ደሴት ይታያል። እስከ ዛሬ የኮሜዲያኗን ቃል ለፖለቲከኛዋ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። አጥፍተዋል ብሎ መውቀስ ሲቻል ያላሉትን እያነሱ መሳቅ ፍትሐዊ አይደለም።

ሴፕቴምበር 15 ቀን ሌማን ብራዘርስ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ከሰረ። ሰው ስለ ቤቱና ስለ ሥራው መጨነቅ ጀመረ። ኦክቶበር 2 ቀን ፔሊንና ባይደን ሴንት ሉዊስ ላይ ሲከራከሩ ወደ 70 ሚሊዮን ሰው ተመለከተ፤ በምክትሎች ክርክር ታሪክ ትልቁ ቁጥር ነው። ፔሊን አልወደቁም፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። ቀጥሎ ፓርቲው ለልብስና ለመዋቢያ 150 ሺህ ዶላር ገደማ ማውጣቱ ተሰማ። ይህ ራሷን እንደ ተራ እናት ላቀረበች ዕጩ ከባድ ነበር። ከወግ አጥባቂ ጸሐፊዎች ካትሊን ፓርከር ከውድድሩ ይውጡ ብላ ጻፈች። ኦክቶበር 19 ቀን ሪፐብሊካኑ የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ኦባማን እንደሚደግፉ ሲያስታውቁ አንዱ ምክንያታቸው ፔሊን ነበሩ።

ለኛ ሰዎች ቅርብ የሆነ አንድ ክፍል አለ። ፔሊን ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ «ለአሜሪካ የቆሙ» አካባቢዎች ሲሉ ተናገሩ፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል። በዚያው ሰሞን የማኬይን አማካሪ ሰሜን ቨርጂኒያን ከ«እውነተኛዋ ቨርጂኒያ» ለይታ አወራች። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ናቸው። ታክሲ እየነዳ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ እያስተማረ ግብር የሚከፍል ሰው «እውነተኛ» አይደለህም ሲባል ያማል። ኖቬምበር 4 ቀን ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዴሞክራት መረጠች።

ከምርጫው በኋላ

ኦባማ 365 ለ173 በሆነ የኤሌክቶራል ኮሌጅ (ክፍለ ግዛቶች በሚልኳቸው ወኪል መራጮች) ድምፅ አሸነፉ። በምርጫው ዕለት ከጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት መራጮች 60 ከመቶው ፔሊን ለፕሬዚዳንትነት ብቁ አይደሉም ብለዋል። ማኬይንን የጣላቸው የእሳቸው መመረጥ ነው ወይስ ኢኮኖሚው በሚለው የፖለቲካ ተመራማሪዎች እስካሁን አልተስማሙም። ያለ ፔሊን የሃይማኖተኛው ደጋፊ ያን ያህል አይነሳሳም ነበር፤ ከእሳቸው ጋር ደግሞ መሀል ላይ ያለው መራጭ ሸሸ።

ፔሊን በጁላይ 2009 ከአገረ ገዥነት ለቀቁ። በ2022 ለምክር ቤት ተወዳድረው በሜሪ ፔልቶላ ተሸነፉ። ማኬይን በኦገስት 2018 ከመሞታቸው ጥቂት ወራት በፊት ባወጡት ማስታወሻ፣ አማካሪዎቼን ሳልሰማ ሊበርማንን መምረጥ ነበረብኝ ብለው ጻፉ። ስለ ፔሊን ግን ክፉ አልተናገሩም። ፔሊን ይህን ሲሰሙ ማኬይን ለእኔ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም አሉ፤ ነገሩ እንደጎዳቸውም አልደበቁም።