«ኮከቤን ቁጠርልኝ» እና ሌሎች ሐይቅ ዳር የምሰማቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ጨለም ሲል፣ የጦር ሜዳ መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ያንጋጠጠ ሰው ካያችሁ እኔ ልሆን እችላለሁ። ሰው ቆም ብሎ ይጠይቀኛል። አንዳንዱ ጥያቄ ያስቀኛል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቤት ገብቼ ሳነብ ያሳድረኛል። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ልጻፋቸው።

«የእኔንስ ኮከብ ትቆጥርልኛለህ?»

ይሄን የማልሰማበት ሳምንት የለም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ስሙንና የእናቱን ስም ነግሮኝ መልስ ሲጠብቅ ቆይቷል። አልፈረድኩበትም፤ በቋንቋችን «ኮከብ ቆጣሪ» ማለት ዕጣ ፈንታ ተናጋሪ ነው። ሰማይን የሚያጠናው ትምህርት ግን ሥነ ፈለክ ነው። ስለ ትዳርም ስለ ሎተሪም የሚለው ነገር የለውም።

ደግሞ በወር የተከፋፈሉት ኮከቦች ከሰማዩ ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። የምድር ዘንግ ሊወድቅ እንደደረሰ እንዝርት ቀስ እያለ ይዞራል፤ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ26,000 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ ባለፉት 2,000 ዓመታት ሁሉም የአንድ ኮከብ ያህል ተንሸራቷል። በመጋቢት መጨረሻ የተወለደ ሰው «ሐመል ነኝ» ይላል። ያን ሰሞን ፀሐይ ያለችው ግን ሑት ውስጥ ነው።

አቅራብን ግን እወደዋለሁ። ሐምሌ ላይ ደመናው ከተገለጠ በምሽት ወደ ደቡብ ተመልከቱ። ጅራቱን የቆለመመ ጊንጥ፣ ቁርጥ! ስም ማውጣት እንዲህ ነው።

«ቴሌስኮፕ ሳይኖርህ ምን ታያለህ?»

እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ አጠራቅሜ ካርቶኑ ላይ «675 እጥፍ ያጎላል» የሚል ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ጨረቃ ላይ ስደቅነው የሚታየኝ ውሃ የበዛበት ወተት ነው። እግሩ ደግሞ ሳልነካውም ይንቀጠቀጣል። አሁን ጃኬት እሰቅልበታለሁ።

በኋላ ነው የገባኝ። የቴሌስኮፕ አቅም ያለው በማጉላቱ ሳይሆን ከፊት ባለው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው። ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ጣሳና ሳፋ ብታስቀምጡ የትኛው ብዙ ውሃ ይይዛል? ብርሃንም እንደዚያው ነው። በግምት ለአንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ሁለት እጥፍ ማጉላት ይበቃል። የእኔው ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከ100 እጥፍ በላይ ያለው ሁሉ ብዥታውን ነው የሚያጎላው።

ለጀማሪ የጦር ሜዳ መነጽር ይሻላል። «10 በ50» የሚል ተጽፎበት ካያችሁ፣ 10 እጥፍ ያጎላል፣ የሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ክርኔን ግንብ ላይ አስደግፌ በዚህ መነጽር የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች አያለሁ። ጋሊሊዮ በጥር 1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው እነዚሁኑ ነው፤ የእሱ መሣሪያ የሚያጎላው 20 እጥፍ ገደማ ነበር። አዮ የምትባለው ጁፒተርን በ42 ሰዓት ተኩል ትዞረዋለች። ስለዚህ ትናንት በቀኝ ያያችኋት ዛሬ በግራ ብትሆን መነጽሩ አልተበላሸም።

የሳተርንን ቀለበት ለማየት ግን ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አልዋሽም።

«ያቺ ሐይቁ ላይ የምታበራው ድሮን ናት?»

ቬነስ ናት። ሐይቁ ከከተማችን በስተ ምዕራብ ስለሆነ፣ የምሽት ተረኛ ስትሆን ከሐይቁ በላይ ትታያለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ትወጣለች፤ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ያኔ ነው። ሁለቱም አንዷ ናት። ኮከብም አይደለችም።

«ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ጥራኝ»

አልጠራህም። ያን ጊዜ ፀሐይ ከፊት ለፊቷ ስለምታበራባት ጨረቃ ላይ ጥላ የለም። ጥላ ከሌለ ተራራውም ጉድጓዱም ልሙጥ ነው። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ና፤ ብርሃንና ጨለማ የሚዋሰኑበትን መስመር ተከትለህ ስታይ የተራሮቹ ጥላ ተዘርግቶ ታገኘዋለህ።

እዚያው ሳለን፣ «ጨለማው የጨረቃ ጎን» የሚባል ነገር የለም። ፊቱን የማያዞርልን ጎን አለ፤ እሱም እንደዚህኛው ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ይሞቃል። የቻይናዋ መንኮራኩር ቻንግ ኤ 6 በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ከዚያ ጎን 1,935 ግራም አፈርና ድንጋይ ይዛ ተመልሳለች። ከዚያ በፊት ከዚያኛው ጎን አፈር ያመጣ አልነበረም። ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ግን የዓለም ሳይንቲስት ሁሉ ዓይኑን የጣለበት ሁለት ኪሎ ነው።

«ሰማይ ማየት ፈረንጅ አገር ነው»

ይሄኛው ያናድደኛል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ይህ ማለት ዓመቱን ጠብቀን የሰማዩን ሁለት ጫፍ ከሞላ ጎደል እናያለን ማለት ነው። ለንደን ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን አያይም። ሲድኒ ያለ ሰው የሰሜን ኮከብን አያይም። እኛ ግን ግንቦት ውስጥ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ሰሜን ስንዞር ትልቁን ጭልፋ፣ ወደ ደቡብ ስንዞር የደቡብ መስቀልን በአንድ ሌሊት እናያለን።

የሰሜን ኮከብ ከሁሉ ደማቅ ነው የሚሉም አሉ። በድምቀት ወደ 50ኛ ግድም ነው፤ አንደኛዋ ሲሪየስ ናት። እዚህ ደግሞ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አራት ጣት ከአድማስ በላይ ደርድሩ፤ እዚያ ነው። ጭጋግ ካለ ተውት።

በመጽሐፍ የምናየው ቀጭን ጨረቃም እንደ ማጭድ ቆሞ ነው። የእኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ታንኳ ተንጋሎ ሐይቁ ላይ ይወርዳል። ሠዓሊው ያየው የአገሩን ጨረቃ ነው።

«ኮከብ ሲወድቅ ሰው ይሞታል»

አያቴ ባየች ቁጥር ታማትብ ነበር። የሚወድቀው ግን ኮከብ አይደለም። አብዛኛው ከአሸዋ እስከ ሽምብራ የሚያህል ቅንጣት ሲሆን ከ100 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ አየሩን ሲመታ ይነዳል። ብዙ ለማየት ታኅሣሥ 4 አካባቢ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውጡ፤ ጋቢ እንዳትረሱ። ጀሚኒድ የሚባሉት ያኔ ናቸው። በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ይበራሉ፤ በዚያ ፍጥነት ከሐዋሳ አዲስ አበባ ከ8 ሰከንድ አይበልጥም። ፈረንጆቹ የሚያሞግሱት የነሐሴው የኮከብ ዝናብ ለእኛ አይሆንም፤ ነሐሴ የእውነተኛው ዝናብ ወር ነው።

«የሌላ ዓለም መርከብ መጥቶ የለ እንዴ?»

ቲክቶክ ነው ያመጣው። 3አይ አትላስ የተባለው ነገር ጁላይ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቺሊ ባለ ቴሌስኮፕ ታየ። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጪ መምጣቱ እውነት ነው፤ ከ2017 እና ከ2019 እንግዶች ቀጥሎ ሦስተኛው ነው። ነገር ግን ጅራታም ኮከብ ነው። ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሲመለከተው በዙሪያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ጋዝ አገኘ፤ በረዶው በፀሐይ ሙቀት እየተነነ ማለት ነው። ለእኛ በጣም የቀረበው በዲሴምበር 2025 ሲሆን፣ ያኔም 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። ለእኔ ከመርከቡ ወሬ ይልቅ በሌላ ኮከብ ዙሪያ የተሠራ በረዶ በሰፈራችን ማለፉ ይደንቀኛል።

«ግርዶሽን በራጅ ፊልም ማየት ይቻላል»

በፍጹም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን እኛ ጋ በከፊል ተሸፍና ነበር። ራጅ ፊልም የያዘ ነበር፣ ሳፋ ውሃ ላይ ያጎነበሰ ነበር፣ በፀሐይ መነጽር ያየ ነበር። ሦስቱም አይከላከሉም። የዓይን መረብ ሕመም ስለማይሰማው ሲቃጠል አይታወቃችሁም። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራ መነጽር ካልተገኘ ፊትን ማዞር ነው። ዛፍ ሥር ቁሙና መሬቱን እዩ። በቅጠሎቹ መሐል የሚሾልከው ብርሃን ሁሉ የተገመጠች ፀሐይ ይሆናል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፀሐዮች።

እኛ ጋ የሚደርሰው ቀጣዩ ትልቅ ግርዶሽ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ። ግብፅ ውስጥ ሉክሶር ያሉት ከስድስት ደቂቃ በላይ ጨለማ ያያሉ። ለእኛ ከፊሉ ነው የሚደርሰን፣ እሱም በክረምት። ደመናው ከፈቀደ ሐይቁ ዳር ካሉት ዋርካዎች አንዱ ሥር አቀርቅሬ ታገኙኛላችሁ።