ሃይ ሮፕስ ኮርስ ምንድን ነው? ልጁን ዛፍ ላይ ለሚያወጣ ወላጅ

ሃይ ሮፕስ ኮርስ ከዛፍ ወደ ዛፍ በገመድ፣ በብረት ኬብልና በእንጨት የተዘረጋ የአየር ላይ መንገድ ነው። በየዛፉ ግንድ ዙሪያ የእንጨት መቆሚያ ይሠራል። ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ነገር ይለያያል። አንዱ ጋ የሚወዛወዝ ድልድይ ነው፣ ሌላው ጋ መረብ፣ ሌላው ጋ አንድ ቀጭን ኬብል ብቻ። የመንገዱ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ዚፕላይን ነው፤ ኬብል ላይ ተንጠልጥሎ ቁልቁል መንሸራተት ማለት ነው። ዝቅተኛው መንገድ ከመሬት 2 ወይም 3 ሜትር ቢሆን ነው። ከፍተኛው ግን 10 ሜትርን ያልፋል።

አሜሪካና አውሮፓ የሚያድጉ ልጆቻችን ነገሩን በደንብ ያውቁታል። የክፍል ጓደኛቸው ልደት እዚያ ይከበራል። ትምህርት ቤትም ለሽርሽር ይወስዳቸዋል። ከዚያ ቤት መጥተው «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ። እናትና አባት ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ከፍታው ስንት ነው?» ብለው ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም ባይ ነኝ። ልጄ ከምን ጋር ነው የምትታሰረው? ማሰሪያዋን ራሷ መፍታት ትችላለች ወይ?

ይህን ለማስረዳት ከደብረ ዳሞ የተሻለ ነገር አላውቅም። ትግራይ ያለው ይህ ገዳም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ ይነገራል። ወደ ላይ የሚያደርስ መንገድ የለውም። ወንዶች 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል የሚወጡት በጠፍር ነው። ጠፍሩ ታዲያ ሁለት ነው። አንዱን ሰውየው በእጁ እየያዘ ይወጣል። ሌላው ወገቡ ላይ ይታሰርለታል፤ ጫፉን ከላይ ያለ መነኩሴ ይዞ እየሳበ ይጠብቀዋል። እጁ ቢዝል ወገቡ ላይ ያለው ይይዘዋል።

የዛፍ ላይ መንገዱም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ነው። ልጅቷ የምትረግጠውና የምትይዘው ነገር አንድ ነው፣ የሚጠብቃት ነገር ሌላ ነው። የረገጠችው እንጨት ቢወዛወዝ፣ እግሯ ቢስት፣ እጇ ቢለቅ ምንም አይደለም። እንዲያውም ጨዋታው ይኸው ነው። ከራሷ በላይ የተዘረጋው የብረት ኬብል ግን ለጨዋታ አይደለም። በታጠቀችው መታጠቂያና በአጭር ገመድ ከዚያ ኬብል ጋር ተያይዛለች። የመነኩሴውን ቦታ የያዘው ኬብሉ ነው።

በአጭሩ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው የብረት መንጠቆ ካራቢነር ይባላል። ለዚህ ሥራ የሚውል ካራቢነር ቢያንስ 20 ኪሎ ኒውተን መቻል አለበት። ይህ 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት መሸከም ማለት ነው። 30 ኪሎ የምትመዝን ልጅ አትበጥሰውም። የሚያሰጋው መንጠቆው ኬብሉ ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው። ለዚህ ነው የአያያዙ ዓይነት ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው።

የቆየው ዓይነት ሁለት ገመድና ሁለት ተራ ካራቢነር ነው። ልጁ መቆሚያው ላይ ሲደርስ አንዱን ይፈታል፣ ወደ ቀጣዩ ኬብል ያዛውራል። ከዚያ ሁለተኛውን ያስከትላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ መንጠቆ ምንጊዜም ኬብሉ ላይ ይኑር። ረጋ ላለ አዋቂ ይህ በቂ ነው። ግን አንዲት የ9 ዓመት ልጅ አስቡ። ደክሟታል። ወንድሟ ከኋላዋ «ቶሎ በይ እንጂ!» ይላታል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የማትፈታበት ምክንያት ሕጉን ማስታወሷ ብቻ ነው። እኔ ለልጅ ይህን አልመርጥም።

ሁለተኛው ዓይነት እርስ በርስ የተሳሰሩ ሁለት መንጠቆዎች አሉት። አንዱ በትክክል ካልተቆለፈ ሌላው አይከፈትም። ልጁ ቢሳሳት እንኳ ዕቃው እምቢ ይለዋል። ቦርናክና ኤዴልሪድ የሚባሉት የጀርመን ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ይሠራሉ። ይህን ዓይነት በጣም ነው የምወደው። ልጁ ሥራውን በገዛ እጁ ይሠራል፣ ያስባል፣ ቅደም ተከተል ይማራል። ሆኖም ሕይወቱ በማስታወሱ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም።

ሦስተኛው ኮንቲኒዩስ ቢሌይ ይባላል። ሠራተኛው መነሻው ላይ ማያያዣውን ኬብሉ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ማያያዣው ዛፉን፣ የኬብሉን መያዣ፣ ሁሉንም እያለፈ አብሮ ይጓዛል። የሚወጣው መድረሻው ላይ ብቻ ነው። በመሃል ማንም አይፈታውም፣ ልጁም ቢፈልግ አይችልም። ለትንንሽ ልጆች ከዚህ የሚበልጥ የለም። ዋጋ የሚያስከፍለው በትዕግሥት ነው። መቅደም ስለማይቻል ከፊት ያለው ልጅ ፈርቶ ከቆመ ከኋላ ያለው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

ብትወድቅስ? ገመዱ አጭር ነው። አንድ ሜትር እንኳ ሳትወርድ መታጠቂያዋ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ትደነግጣለች፣ ምናልባት ጉልበቷ እንጨት ይመታ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ገመዱን ይዛ ራሷን ጎትታ ትመለሳለች። ካልቻለች ሠራተኛ መጥቶ በሌላ ገመድ ቀስ አድርጎ መሬት ያወርዳታል። ከታች ለሚያይ ወላጅ ልብ የሚሰቅል ነገር ነው። ለሠራተኞቹ ግን የሠለጠኑበት፣ የለመዱት ሥራ ነው።

ሐሳቡ ከወታደርና ከመርከበኛ ሥልጠና የመጣ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዦርዥ ኤቤር የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር ኃይል መኮንን ሰውን በመውጣት፣ በመዝለልና ሚዛን በመጠበቅ ማሠልጠን ጀመረ። ለቤተሰብ መዝናኛነት የተስፋፋው በኋላ ነው፣ እዚያው ፈረንሳይ። እንግሊዝ ውስጥ ጎ ኤፕ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በቴትፎርድ ደን ጀመረ። በ2010 ደግሞ አሜሪካ ገባ። የመጀመሪያውን ቦታ የከፈተው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል አጠገብ ባለው የሮክ ክሪክ ፓርክ ነው። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው።

ግንባታው ዘፈቀደ አይደለም። አውሮፓ ኢኤን 15567 የሚባል ደረጃ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። አንዱ ክፍል ስለ አገነባቡ፣ ሌላው ስለ አሠራሩ ይናገራል። በዚህ ደረጃ መሠረት መንገዱ በየቀኑ ከመከፈቱ በፊት ይታያል፣ በየጥቂት ወሩ ጠበቅ ያለ ፍተሻ ይደረግለታል፣ በየዓመቱ ደግሞ መርማሪ ይመጣበታል። ዛፎቹም ሐኪም አላቸው ማለት ይቻላል። ገበሬ ዛፍ ማድረቅ ሲፈልግ ቅርፊቱን ዙሪያውን እንደሚልጠው፣ ግንዱን ጥብቅ አድርጎ የሚያንቅ ኬብልም ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ምግቡ የሚተላለፈው ከቅርፊቱ ሥር ነውና። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ በኬብሉና በግንዱ መካከል እንጨት እየደገፈ ይሠራል፣ ዛፉ በወፈረ ቁጥርም ያላላለታል። ከታች ሆናችሁ ቀና ብላችሁ እዩ። ግንዱ ላይ የተጠመጠመው ነገር ቅርፊቱ ውስጥ ከሰመጠ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ። አዋቂ የወገብና የጭን መታጠቂያ ይበቃዋል። ትንሽ ልጅ ግን ዳሌው ገና አልሰፋም፣ ጭንቅላቱም ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው። ቢገለበጥ ከወገብ መታጠቂያ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ትከሻውንም የሚይዝ ሙሉ መታጠቂያ ይጠይቁለት። የወገብ ቀበቶው ከዳሌ አጥንት በላይ ይዋል። በቀበቶውና በሰውነቱ መካከል ጠፍጣፋ እጅ ይግባ፣ ጭብጥ ግን አይግባ። ሽንት ቤት ደርሶ ሲመጣ እንደገና ሠራተኛ ይየው። ልጅ አውልቆ በራሱ ያጠልቀዋልና።

አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ይነሣ። እዚህ ላይ የእኛን ልጆች የሚመለከት ነገር አለ። ማተብ ያሠረ ልጅ ማተቡን ከልብሱ ሥር ይክተት፣ ከላይ ተዘርግቶ አይተው። ሻርፕ ወይም ሂጃብ ያደረገችም ጫፉን ውስጥ ትወሽቀው። የተለቀቀ ሹሩባ ወደኋላ ይታሠር፤ ዚፕላይኑ ላይ ያለው ፑሊ፣ ማለትም ኬብሉ ላይ የሚሽከረከረው መንኮራኩር፣ ፀጉር ይይዛል። ቀለበትና ትልቅ ጉትቻ መኪና ውስጥ ይቅር። ጫማው ጣት የሚሸፍን ይሁን።

ዚፕላይኑ ላይ ልጆች የሚገርማቸው ነገር አለ። አባት ፈጥኖ ይደርሳል፣ ልጅ ግን መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ቀላል ሰውነት ንፋሱንና ሰበቃውን ማሸነፍ ያቅተዋል። መፍራት አያስፈልግም። ዞሮ ኬብሉን ወይም ገመዱን በእጁ እየሳበ ይጨርሰዋል፣ ካልሆነም ሠራተኛ ይጎትተዋል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃችሁ ንገሩት። እየሄደ ሳለ እጁን ከፑሊው ፊት ኬብሉ ላይ እንዳያደርግ። ፑሊው ጣት ላይ ይወጣል።

የትኛውን መንገድ ይጀምር? መንገዶቹ ብዙ ጊዜ በቀለም ይለያሉ፤ ጥቁሩ በአብዛኛው ከባዱ ነው። ዕድሜ ይጠየቃል፣ ግን ቁመት ይበልጣል። ልጁ እጁን ዘርግቶ ኬብሉን መንካት አለበት። በእንግሊዙ ጎ ኤፕ ዋናው ከባድ መንገድ 1.40 ሜትር ቁመት ይጠይቃል። «ልጄ ጎበዝ ናት፣ ትችላለች» ብሎ መለመን ጥቅም የለውም። ካልደረሰች አልደረሰችም። ከላይ ከመውጣታቸው በፊት መሬት አጠገብ ባለ ዝቅተኛ ኬብል ልምምድ ይደረጋል። ያኔ ስልካችሁን አስቀምጡና አብራችሁ ስሙ።

ስለ ፍርሃት ደግሞ ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመሠረተው ፕሮጀክት አድቬንቸር የሚባል ድርጅት አንድ መርሕ አስፋፍቷል። ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስነው ራሱ ተሳታፊው ነው ይላል። ከእኛ አስተዳደግ ጋር ቶሎ አይገጥምም። እኛ ወይ «ውረጂ፣ ትሰበሪያለሽ!» እንላለን፣ ወይ «አታሳፍረኝ፣ የአክስትህ ልጅ እንኳ ወጣ» እንላለን። ሁለቱም ልጁን አይረዱትም። የመጀመሪያው እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሁለተኛው ያልቻለውን እንዲጀምር ይገፋዋል። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ መሃል ላይ ከመመለስ መነሻው ላይ «ዛሬ አልወጣም» ማለት በጣም ይቀላል። ልጁ እንዲህ ካለ ይቀበሉት። ጁስ ይግዙለት። ሌላ ቀን ራሱ ይጠይቃል።

ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማ። ሠራተኛው በእንግሊዝኛ «ግራ እግር» ሲል እናት ከታች በአማርኛ «ተይው፣ ቀኙን!» ካለች ልጅቷ ሁለቱንም አትሰማም። ሠራተኛው እየመራት ከሆነ ዝም በሉ። ሠራተኛ ከሌለ አንድ አጭር ነገር ንገሯት፤ «መንጠቆሽን እዪ»፣ «እንጨቱን እዪ»። ከዚያ አይዞሽ። አይዞሽ ምንጊዜም ይሠራል።

አዲስ አበባ ለሚኖሩም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ዚፕላይንና የገመድ መንገድ አለው። እንጦጦ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ስላለው ከውጭ የመጡ ልጆች ቶሎ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስትደርሱ ጥቂት አርፈው ይጀምሩ።

እንጦጦም ይሁን ሜሪላንድ፣ ለንደንም ይሁን ፍራንክፈርት፣ ቲኬት ሳትቆርጡ ደውላችሁ ጠይቁ። አያያዙ የትኛው ዓይነት ነው? ለልጅ ሙሉ መታጠቂያ አለ ወይ? መንገዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረው መቼ ነው? አንድ ልጅ እላይ ፈርቶ ቢቀር ማን፣ በምን ያወርደዋል? መብረቅ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ሥራውን የሚያውቅ ሠራተኛ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ስትመጡም ዕቃውን አውጥቶ ያሳያችኋል። የሚመልሰው እየሰለቸው ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።