ህይወት ያለውና ህይወት የሌለው፦ በደሴና በኮምቦልቻ አፀደ ሕፃናት

ህይወት ያላቸውንና የሌላቸውን ነገሮች መለየት በደሴና በኮምቦልቻ ሕፃናት ከሚማሯቸው የመጀመሪያ የሳይንስ ትምህርቶች አንዱ ነው። አፀደ ሕፃናት ይጀምሩታል፤ አንደኛ ደረጃ ሲገቡ ደግሞ በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ መልሰው ያገኙታል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የአምስት ዓመት ልጅ ፊት ይዘውት ሲቀርቡ ግን ይከብዳል።

በድሮ ጊዜ የሁለቱ ከተሞች ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ቤት ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ አፀደ ሕፃናትን ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች አደረገ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። አፀደ ሕፃናት ግን ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ ቦታ ሆኖ ቆየ። በ2002 የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመንግስት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዜሮ ክፍል እየተከፈተ የብዙ ድሃ ልጆች በር ተከፈተ። በ2014 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል የወሎ መምህራን መፍለቂያ የሆነው አንጋፋው የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ውለታው ብዙ ነው።

ልጆች ለምን ይሳሳታሉ? ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ልጆችን እየጠየቀ ያጠናው ይህንኑ ነው። እሱ እንዳለው ልጅ መጀመሪያ አንዳች ስራ የሚሰራውን ሁሉ ህይወት ይሰጠዋል። ቀጥሎ የሚንቀሳቀሰውን፣ ከዚያ በራሱ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ። እንስሳና ተክል ላይ የሚቆመው በመጨረሻ ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ ፒያዤ የልጆችን እውቀት አሳንሷል ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ አላለቀም። ተክልን ህይወት አለው ማለት ለትንንሾቹ እንደሚከብዳቸው ግን ማንም የአፀደ ሕፃናት መምህር ይመሰክራል።

የደሴ ልጅ በራሱ የሚሄድ ነገር ሞልቶለታል። የጦሳ ተራራ ጉም ጠዋት ጠዋት ይወርዳል። የቦርከና ወንዝ እየጮኸ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። ከሁሉ ይልቅ መምህራንን የሚፈትነው ግን ባጃጅ ነው። ይሮጣል፣ ይጮሃል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጭስ ይተነፍሳል። «ቲቸር፣ ባጃጅም ይበላል እኮ!» ለሚል ልጅ መልሱ ሁለት ጥያቄ ነው። ትንሽ ሆኖ ተወልዶ አደገ ወይ? ልጅስ ይወልዳል ወይ? ልጁ ዝም ብሎ ያስባል። ትምህርቱ የሚገባው ያኔ ነው።

ቋንቋችንም የራሱ ድርሻ አለው። መብራት «ይመጣል»፣ «ይሄዳል»። መኪና «አልነሳ አለ» እንላለን፤ ልክ እንደ እልኸኛ በቅሎ። ፀሐይ «ወጣች»፣ «ገባች»። በአንጻሩ ዛፍ ሞተ አንልም፤ ደረቀ ነው የምንለው። ልጅ የሰማውን ይዞ ነው የሚመጣው። አንዳንድ መምህራን «ነፍስ ያለው» የሚለውን ቃል ይመርጣሉ፤ ልጆች ቤት የሚሰሙት እሱን ስለሆነ። ግን ነፍስ ሲባል ልጁ ሰውና እንስሳን ብቻ ስለሚያስብ ተክል ከውጭ ይቀራል። «ህይወት ያለው» የሚለው ይሻላል፤ በዚህ ብዙ መከራከር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከሰልና የእንጨት ወንበር የት ይመደቡ የሚለው ግን በእርግጥም ያከራክራል። ህይወት የነበራቸው ናቸው የሚሉ አሉ፤ ለዚህ እድሜ ሁለት ምድብ ይበቃል የሚሉም አሉ።

ለማስተማሪያ የሚሆነው ነገር ደጅ ላይ ነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ይሰመራል። ጠጠር፣ ቅጠል፣ ቁልፍ፣ ጉንዳን በብርጭቆ ይቀርባል። ልጆቹ በየተራ ተነስተው ይመድባሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው የባቄላው ሙከራ ነው። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ይደረጋል። ባቄላው ከጠርሙሱ ግድግዳና ከጥጡ መሀል ይገባል፤ ስሩ ሲወጣ እንዲታይ። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። ብርዱ ዘሩን ስለሚያዘገየው ልጆቹ በየቀኑ እያዩ «መቼ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሙቀቱ ያፈጥነዋል። በቆልት የሚሰራበት ቤት ያደገ ልጅ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እሱን ማስቀደምና ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ማድረግ ጥሩ ነው።

ብልህ መምህር ሌላ ጠርሙስ ትጨምራለች። አንዱ ውስጥ ጥሬ ባቄላ፣ ሌላው ውስጥ ንፍሮ። ውሃው እኩል፣ መስኮቱ አንድ። ጥሬው ነጭ ስር ያወጣል። ንፍሮው ያብጥና ይለሰልሳል፣ ከቀናት በኋላም ሻጋታ ይለብሳል። ሻጋታው ራሱ ህይወት አለው፤ እሱን ግን ለትልልቆቹ ክፍል ያቆዩታል።